በሌላ ሰው ስም መዝገብ መክፈት
የማኅበራት ሒሳብ በኮምፒዩተር ሲያዝ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን የዕጣ፣ የብድር፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሒሳብ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር በማዛወር ላይ ይገኛሉ። ሥራው ገና ያልደረሰባቸው ማኅበራት ብዙ ናቸው፤ የደረሰባቸው ደግሞ የዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት ይወስድ የነበረው ጊዜ ምን ያህል እንዳጠረ ራሳቸው ይመሰክራሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ስለ ኮምፒዩተር ጥቅም አይደለም። በየማኅበራቱ ጽሕፈት ቤት ስንዘዋወር ደጋግመን ስላየነውና ማንም እንደ ችግር ስለማይቆጥረው አንድ ልማድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ ገብቶ የማዳበሪያ ሥርጭት በተጧጧፈበት ቀን የአንድ መሠረታዊ ማኅበር ገንዘብ ያዥ የአንድን አባል ሒሳብ መክፈት ያቅተዋል። ገበሬው አህያውን ይዞ ደጅ ቆሟል፤ ከኋላው ሌሎች ተሰልፈዋል። ገንዘብ ያዡ ዩኒየኑ ዘንድ ወዳለው የኮምፒዩተር ባለሙያ ይደውላል። ባለሙያውም «የይለፍ ቃልህን ንገረኝና እኔ በአንተ ስም ገብቼ ልየው» ይለዋል። ይነግረዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሒሳቡ ይከፈታል፣ ማዳበሪያው ይጫናል፣ ሁሉም ተመሰጋግኖ ይለያያል።

በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ በገንዘብ ያዡ ስም የተሠራውን ሥራ የሠራው ማነው ተብሎ ቢጠየቅ መዝገቡ የሚመልሰው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እርሱም የገንዘብ ያዡ ነው።

ባለሙያው ይህን የሚጠይቀው በክፋት እንዳልሆነ አስቀድመን መናገር ይገባናል። በኮምፒዩተር በተያዘ ሒሳብ ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ በመግቢያ ስሙ ልክ የተወሰነ ፈቃድ አለው። ንብረት ክፍሉ ገቢና ወጪ ዕቃ ይመዘግባል፣ የብድር ገጹን ግን አያይም፤ ገንዘብ ያዡ የብድር ገጹን ያያል፣ የተዘጋ ወርን ግን መክፈት አይችልም። ባለሙያው ደግሞ ሁሉንም ያያል። ስለዚህም ገንዘብ ያዡ «አልከፈት አለኝ» ያለውን ገጽ ባለሙያው በራሱ ስም ሲሞክረው ያለ ምንም ችግር ይከፈትለታል። ሁሉንም በር የሚከፍት ቁልፍ የያዘ ሰው የትኛው በር እንደተቆለፈ አይታወቀውም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጊዜ «ችግሩ የአንተ አለመቻል ነው» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ይህም ሠራተኛውን ያሳፍራል፣ ችግሩንም አይፈታውም። ባለሙያው ገንዘብ ያዡ የሚያየውን ራሱ ማየት አለበት። ፍላጎቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መንገዱ ነው።

መንገዱ ሲሳሳት የሚደርሰውን ለማሳየት ከብሪታንያ ፖስታ ቤት የበለጠ ምሳሌ አናውቅም። አገሩ ሩቅ ቢሆንም የነገሩ አቋም ከእኛ መሠረታዊ ማኅበራት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ዘርዘር አድርገን እናቀርበዋለን።

በብሪታንያ ገጠሮች ፖስታ ቤት ማለት ብዙውን ጊዜ የአንድ መንደር ሱቅ ጥግ ነው። ባለሱቁ ወይም ባለሱቋ ከፖስታ ቤቱ ድርጅት ጋር ውል ገብተው ጡረታ ይከፍሉ፣ ቴምብር ይሸጡ፣ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። በውሉ መሠረት ነው እየተባለ ጉድለት ከተገኘ ከኪሳቸው እንዲሞሉ ይጠየቁ ነበር። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የኮምፒዩተር ሒሳብ በየቅርንጫፉ ተተከለ። የሠራውና የሚጠብቀው የፉጂትሱ ኩባንያ ነበር። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ማንም ሊያስረዳው ያልቻለ ጉድለት ይታይ ጀመር።

ሃምፕሺር በሚባለው አውራጃ፣ ሶውዝ ዋርንቦሮ በምትባል መንደር ጆ ሃሚልተን የምትባል ባለሱቅ ነበረች። አንድ ቀን ሒሳቧ 2,000 ፓውንድ ያህል ጎደለ። ለእርዳታ ወደተመደበው ስልክ ደውላ የታዘዘችውን አንድ በአንድ ስትፈጽም ጉድለቱ ዓይኗ እያየ እጥፍ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የጎደለውን ለመሙላት ቤቷን አስይዛ ተበደረች። በመጨረሻም ስርቆት የሚለው ክስ ይቀርልሽ ተብላ ሐሰተኛ ሒሳብ መያዟን አመነች፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ተፈረደባት። ገንዘቡን ለመክፈል የረዷት የመንደሯ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ሴትዮዋን ያውቋታል፤ መዝገቡ ግን የሚያውቀው ስሟን ብቻ ነበር።

ሃሚልተን ብቻዋን አልነበረችም። ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች ከዚህ ሥርዓት በወጣ ሒሳብ ምክንያት ተፈርዶባቸዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 700 ያህሉን የከሰሰው ራሱ ፖስታ ቤቱ ነው። እስር ቤት የገቡ አሉ፤ አንዷ በ2010 እ.ኤ.አ. የታሰረችው ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። ንብረታቸውን የሸጡ፣ ከአገር ቤታቸው በሐሜት የተሰደዱ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ።

በክርክሩ ሁሉ ተከሳሾቹ አንድ ጥያቄ ያነሡ ነበር፤ ይኸውም «ከእኔ ሌላ ወደ ሒሳቤ ገብቶ የሚሠራ ሰው አለ ወይ?» የሚል ነው። ለዓመታት የተሰጣቸው መልስ ከቅርንጫፉ ሠራተኛ በቀር ማንም ሊገባ አይችልም የሚል ነበር። በሰሜን ዌልስ፣ ላንዱድኖ በምትባል ከተማ የነበረ አለን ቤትስ የሚባል ባለሱቅ የግብይቶቹን ዝርዝር ራሴ መርምሬ ካላየሁ ለጉድለቱ ኃላፊ አልሆንም ብሎ ሲከራከር ቆይቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ውሉ ተቋረጠበት። እርሱና ሌሎች፣ በጠቅላላው 555 ሰዎች፣ ጉዳያቸውን አንድ ላይ ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። በዲሴምበር 2019 እ.ኤ.አ. ዳኛው በሰጡት ፍርድ ሦስት ነገሮች ተረጋገጡ። ሥርዓቱ ጉድለት የሚያስከትሉ ስሕተቶች ነበሩበት። የኩባንያው ባለሙያዎች ከሩቅ ሆነው በቅርንጫፍ ሒሳብ ውስጥ ግብይት ማስገባት፣ መለወጥና መሰረዝ ይችሉ ነበር። ይህንንም ባለሱቁ ሳያውቅ፣ ሥራውም የእርሱ መስሎ እንዲታይ ሆኖ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር።

እነዚህ ባለሙያዎች ሌቦች አልነበሩም። ሥራቸው የተበላሸ ሒሳብ መጠገን ነበር። ሌሊት የተቋረጠ ግብይት ጠዋት እንዲስተካከል ገብተው ያርሙ ነበር። እኛም የምንፈራው ይህንን ነው፤ ሌባ እንደሆነ ይፈለጋል፣ ይያዛል፤ በቅን ልቡና የገባውንና ስሙን ያልተወውን ግን ማንም አይፈልገውም። ጉድለቶቹ ሁሉ በእነርሱ እጅ የመጡ ናቸው ማለትም አይደለም፤ ብዙዎቹ ከፕሮግራሙ ስሕተት የመጡ ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ዳልሜሊንግተን በተባለ ቅርንጫፍ አንድ ሠራተኛ 8,000 ፓውንድ መረከቡን ለማረጋገጥ ቁልፉን ሲጫን ገጹ አልንቀሳቀስ ስላለው ደጋግሞ ተጫነው፤ ገንዘቡ አራት ጊዜ ተመዝግቦ 24,000 ፓውንድ ጉድለት ታየ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀበሌ ለሚሠራ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን የባለሱቁ ስም የሌላ ሰው ሥራ የሚጻፍበት ከሆነ ስሕተቱ የፕሮግራሙ ይሁን፣ የባለሙያው ይሁን፣ የባለሱቁ ይሁን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። መለየት ሲያቅት ደግሞ ዕዳው የሚወድቀው ስሙ በተጻፈው ሰው ላይ ነው።

የጆ ሃሚልተንና የሌሎች 38 ሰዎች ፍርድ የተሻረው በኤፕሪል 23 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የብሪታንያ ፓርላማ የቀሩትን በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ። ከመጀመሪያው ተከላ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት መሆኑ ነው።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ነፃ አድርገን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንሠራበት ማዕከል የዘር ክፍሉ ጸሐፊ ለቅሶ ሄዶ ሳለ የስንዴ ዘር ወጪ በተሳሳተ ዓይነት መመዝገቡን አየንና ለማረም በእርሱ ስም ገባን። የይለፍ ቃሉን ራሱ በስልክ ነው የነገረን። እርማቱ አንድ ጊዜ የገባ መስሎን ሁለት ጊዜ ገብቶ ኖሯል። በዓመቱ ቆጠራ 6 ኩንታል ዘር ጎድሎ ተገኘ፤ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ ያወጣውም ሰው ስም በግልጽ ተጽፏል። ጸሐፊው የዳነው በዚያ ቀን ፈቃድ ላይ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት በመገኘቱ ነው። እኛ መግባታችንን ተናግረን ነበር ማለት ብንወድም፣ እውነቱ ወረቀቱ እስኪወጣ ድረስ ረስተነው ነበር።

አገራችን ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። በጽሕፈት ቤት ልማድ ስለ ኃላፊው የሚፈርም ሰው የኃላፊውን ፊርማ አስመስሎ አይፈርምም፤ «ስለ እገሌ» ብሎ የራሱን ስምና ፊርማ ያኖራል። ውክልና የተሰጠውም እንዲሁ ነው። ማንበብ የማይችል አባል በአውራ ጣቱ ሲፈርም በአጠገቡ የነበሩ ምስክሮች ስማቸውን ይጽፋሉ። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ሁለት ስም ያለበት ወረቀት በክርክር ጊዜ እንደሚናገር ስለሚያውቁ ነው። በይለፍ ቃል መዋዋስ ግን ፊርማ አስመስሎ ከመፈረም የሚለይበት ምክንያት አይታየንም።

የኮምፒዩተር ሰዎችም ይህን ቀድመው ደርሰውበታል። ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ቀድሞውንም አንድ ተጠቃሚ ሌላውን ተጠቃሚ ሆኖ እንዲገባ የሚያስችል ትእዛዝ ነበር፤ ሆኖም የሌላውን የይለፍ ቃል ማወቅን ይጠይቅ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ በቡፋሎ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ባለሙያዎች «ሱዱ» የተባለውን ትእዛዝ ሠሩ። ሱዱ የሚጠይቀው የሌላውን ሳይሆን የገቢውን የራሱን የይለፍ ቃል ነው፤ ማን፣ ማንን ሆኖ፣ በስንት ሰዓት ምን እንዳደረገ በመዝገብ ያሰፍራል። ያ የ«ስለ እገሌ» ፊርማ ማለት ነው። ዛሬ ይህን የመሰለ መንገድ ያላቸው ፕሮግራሞች አሉ።

እንግዲህ ማኅበራት ምን ያድርጉ? ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮግራም የሚገዛ ወይም የሚቀበል ዩኒየን ሻጩን «ባለሙያህ በእኛ ሠራተኛ ስም ሲገባ መዝገቡ የስንት ሰው ስም ያሳያል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በቃል ሳይሆን ገጹ ላይ እንዲያሳየው ይጠይቅ። ሁለት ስም የማያሳይ ከሆነ ሌላው ጌጡ ሁሉ ምንም ያህል ቢያምር ገና ያልበሰለ ዕቃ ነው። በሌላው ስም የገባ ባለሙያ ማየት እንጂ መመዝገብ እንዳይችል ሆኖ የሚዘጋጅ ፕሮግራም ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ብዙውን ችግር ለማወቅ ማየት ይበቃልና።

ፕሮግራሙ ይህ የሌለው ከሆነና ለመለወጥም አቅም ከጠፋ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከገንዘብ ያዡ ጋር እኩል ፈቃድ ያለው የመሞከሪያ ተጠቃሚ ከፍቶ፣ ማንም ባልሆነ አባል ስም በተከፈተ ሒሳብ ላይ መሞከር ነው። የፈቃድ ችግር ከሆነ በዚሁ ይገለጣል። ይህ የማይበቃው ችግሩ በአንዱ አባል ሒሳብ ብቻ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛው መንገድ ይመጣል፤ ገንዘብ ያዡ ራሱ ገብቶ ራሱ ይሥራ፣ ባለሙያው ከአጠገቡ ተቀምጦ ወይም በስልክ ሆኖ ያሳየው። ጊዜ ይወስዳል። ሰልፉም ይረዝማል። ሆኖም ገንዘብ ያዡ የተደረገውን በዓይኑ አይቷል፤ ለሚቀጥለውም ጊዜ ተምሯል። ስክሪኑን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክም ብዙ ይረዳል፤ የአባሉ ስምና የሒሳብ ቁጥር ግን በፎቶግራፉ ላይ መሸፈን አለበት።

ሦስተኛው መንገድ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው። ባለሙያው በሠራተኛው ስም መግባት ግድ ከሆነበት የሠራተኛው የይለፍ ቃል አይነገረው። ባለሙያው በራሱ ሥልጣን ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ያውጣ፤ ሥራው ሲያልቅ ሠራተኛው ወዲያውኑ በአዲስ ይለውጠው። ከመገባቱ በፊት የሒሳቡ ሚዛን ምን እንደነበር፣ ከተወጣ በኋላ ምን እንደሆነ በወረቀት ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። አሮጌው የይለፍ ቃል ባለሙያው እጅ ካልገባ ሠራተኛው ያንኑ ቃል በሌላ ቦታ ቢጠቀምበት እንኳ አይጎዳም። የይለፍ ቃል በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፎ ያየንበት ጽሕፈት ቤት አለ፤ ስለዚያ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን የሚመለከት ሌላ ጉዳይ አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ ገንዘብ መክፈልና መቀበል ወደ ገጠሩም እየገባ ነው። ብዙ ገበሬዎች ስልካቸውን ለልማት ሠራተኛው አቀብለው «ልጄ፣ አንተው እየው» ይላሉ፤ የምስጢር ቁጥራቸውንም ጮክ ብለው ይናገራሉ። ሠራተኛው እንዳይረሳው በማስታወሻው ይጽፈዋል። እንዲህ እያለ የሃያ ገበሬ የምስጢር ቁጥር በአንድ ማስታወሻ ይሰበሰባል። ሠራተኛው ታማኝ ነው እንበል፤ ማስታወሻው ቢጠፋስ? ከአንዱ ገበሬ ሒሳብ 800 ብር ቢጎድል ቁጥሩን ከባለቤቱ ሌላ የሚያውቅ ሰው ማን ነው ሲባል የሚጠራው የልማት ሠራተኛው ነው። ገበሬው የምስጢር ቁጥሩን ራሱ ይጫን፤ ሠራተኛው በዚያ ጊዜ ፊቱን ያዙር። ቁጥር መለየት ለሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች የቤታቸው ልጅ ይርዳቸው። ሠራተኛው ከተነገረውም «እማማ፣ ይህን ለእኔ አይንገሩኝ፤ አሁኑኑ እንለውጠው» ብሎ እዚያው ያስለውጥ። መጀመሪያ ላይ ያስቀይማል፤ እንግዳ የሆነባቸው አንዳንዶች «ባላምንህ እሰጥህ ነበር?» ይላሉ። ነገሩ የመታመን ጉዳይ ሳይሆን ነገ በሠራተኛው ላይ የሚነሣ ጥርጣሬ እንዳይኖር መሆኑን በትሕትና ማስረዳት ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ በላይ ሆን ብሎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። «ከተሰጠው ፈቃድ በላይ» የሚለውን ልብ ማለት ይገባል። አንድ አባል የብድር ሒሳቡ እንዲታይለት ፈቀደ ማለት የጎረቤቱ ሒሳብ ወይም የራሱ ቁጠባ እንዲታይ ፈቀደ ማለት አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሠራበት ያዝዛል። ዩኒየኖች በዚህ ረገድ የሕግ ባለሙያ ቢያማክሩ መልካም ነው፤ እኛ ስለ ዘርና ስለ አፈር እንጂ ስለ ሕግ ለመተንተን አልተሾምንም።

የሚቀረው የቁጥጥር ኮሚቴው ድርሻ ነው። በሌላ ሰው ስም የተገባበት ጊዜ ሁሉ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይኑር፤ ገጾቹ ቁጥር ይሰጣቸው፣ ማኅተም ይደረግባቸው። ማን ገባ፣ በማን ስም፣ ማን ፈቀደ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ተለወጠ የሚሉት አምስት ዓምዶች ይበቃሉ። ደብተሩ ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥ፤ የሚይዘውም ባለሙያው ወይም ገንዘብ ያዡ ሳይሆን ከቁጥጥር ኮሚቴው አንዱ ይሁን።

በዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ መርማሪ መጥቶ ጉድለት ሲያገኝ፣ ኮሚቴው ገንዘብ ያዡን «ገንዘቡን አምጣ» ከማለቱ በፊት ጉድለቱ የታየበትን ቀን ይዞ ከዚህ ደብተርና ፕሮግራሙ ራሱ ከያዘው የመግቢያ መዝገብ ጋር ያስተያይ። ገንዘብ ያዡም የሁለቱን ግልባጭ የመጠየቅ መብት እንዳለው በሥራ ውሉ ላይ ይጻፍለት። ሁለቱ መዝገቦች የማይስማሙበት ቀን ከተገኘ የዚያን ቀን ጉድለት ማንም ሰው እንዲከፍል አይጠየቅ፤ መጀመሪያ ባለሙያው ተጠርቶ ይጠየቅ።